ብረት የት ይሄዳል?

"ይንገሩን፣ ይንገሩን" እያሉ ስለወተወቱኝ ነው እንጂ ይህ ነገር ከእኔ ጋር ቢቀበር ደስ ባለኝ ነበር። ነገሩን የቀሰቀሰው ገመድ ነው። የልጅ ልጆቼ ከነእናት አባታቸው አዲስ አበባ ሊሄዱ ሽር ጉድ ሲሉ፣ መኪናው አናት ላይ ዕቃ የሚያስሩበት ፈልገው አሮጌውን የቃጫ ገመድ ከጓዳ ጎትተው አወጡት። ገና ሲያራግፉት ሽታው መጣ። የጨው፣ የቆዳ፣ የናፍጣ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀጭን የወንዝ ጭቃ ሽታ። ስንት ክረምት አልፎበት ጭቃው እንዴት እንዳልለቀቀ እንጃ። ልጆቹ የሚሄዱት የሚሽከረከር ነገር ላይ ሊወጡ ነው፤ በስልካቸው አሳይተውኛል፣ ሰውን ሰማይ አድርሶ ይመልሳል። ትንሿ ጭኔ ላይ ተደግፋ "አዮ፣ እርስዎስ በወጣትነትዎ እንዲህ ያለ ቦታ ሄደው ያውቃሉ?" አለችኝ። አዎ እንዳልል ውሸት ነው። አይ እንዳልል፣ ሄጃለሁ ስል ነው የኖርኩት። በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

አዮ ማለት በእኛ አገር እናት ማለት ነው። ያኔ አዮ የምላቸው እኔ ነበርኩ፣ አማቴን። ነገሌ ከሶማሊያው ጦርነት ወዲህ ገና ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር። እኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ ከድሃ ቤት የመጣሁ፣ አማርኛዬ ገና የሚያነክስ። አማቴ ገበያው ዳር ሱቅ ነበራቸው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ሽርጥ፣ ገመድ ይሸጣሉ። ግን ሱቁን ያቆመው ዕቃው አልነበረም፣ የእሳቸው አፍ ነው። "ጨው ሐሙስ ይገባል" ካሉ ከሩቅ በግመል የመጣው ሰው ሁሉ አጥር ሥር አድሮ ሐሙስን ይጠብቃል። ይገባል። አማቴ ሀብታቸው ምንድን ነው ብትሉኝ ይኸው ነበር፤ ያሉት ነገር ይሆናል።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ቀን፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ግራሩ ሥር ተሰብስቦ ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ አቧራው ወርቅ መስሏል። ዋርሳዬ ሻንጣውን እንኳ ሳያወርድ ጀመረ።

"ፈረስ ነው፣ ግን የብረት። ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ። ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ሙዚቃው ሲጀምር ይዞራሉ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሕፃንም ይቀመጥበታል፣ ሽማግሌም ይቀመጥበታል።"

የአማቴ ወንድም፣ ልጆቹ አቡያ የሚሏቸው ሽማግሌ አጎት፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሹ። "ምን ይበላል?" አሉ።

"መብራት ነው የሚበላው፣ አቡያ።"

"ይራገጣል?"

"አይራገጥም።"

"እንግዲያው ፈረስ አይደለም" ብለው ዞር አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ቀስ ብለው "እኔንስ ይችለኛል?" ሲሉ ሰማኋቸው።

ሳቁ ሳይበርድ አማቴ "እንሄዳለን" አሉ። "ሁላችንም። ከአቡያ እስከ ጡት የሚጠባው። አንድም ሰው ቤት አይቀርም።" በማግስቱ ይህንኑ ገበያው መሃል ደገሙት። አበቃ። ከዚያ በኋላ አለመሄድ የሚባል ነገር የለም።

መሄዱ ተቆረጠ፤ አካሄዱ ግን መመካከር ይፈልጋል። በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ግራሩ ሥር እንቀመጣለን፣ እኛ ዘንድ ደግሞ የመጨረሻው ሰው እሺ ሳይል ነገር አያልቅም። አቡያ ከተማ ውስጥ በቆርቆሮ የሚሸጥ ወተት አልጠጣም አሉ፤ ስለዚህ የምትታለብ ፍየል አብራን ትሂድ ተባለ። የትኛዋ ፍየል የሚለው ራሱ ሁለተኛ ጁምዓ ፈጀ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ "ትውለድና እንሂድ" ተባለ። ወለደች። "አርባዋ ይውጣ" ተባለ። አርባዋ ሲወጣ ዝናቡ ገባ፣ የዋደራ መንገድ ጭቃ ሆነ። ጭቃው ሲደርቅ ረመዳን መጣ። ልጆቹ በዚህ መሃል ፈረሶቹን ተከፋፍለው ጨርሰው ነበር፤ በሰማያዊው የተጣሉ አሉ፣ ጥርሱ የተነቀለም አለ። የይለፍ ወረቀት ልንጠይቅ ቀበሌ ስንሄድ ሊቀመንበሩ የሰዉን ብዛት አይቶ "ፍየሏስ ፎቶ አላመጣችም?" ብሎ አሳቀብን።

ዋርሳዬ ብቻ ይቁነጠነጥ ነበር። "ኧረ እንሂድ፣ አዮ፣ ኧረ እባክዎ።"

አቡያ ነበሩ የመለሱለት። "ምን ያክለፈልፍሃል? ከብት ቢሆን ሣር ፍለጋ ሄደ እንላለን። ሰው ቢሆን ዝናብ ተከትሎ ሄደ እንላለን። ብረት የት ይሄዳል?"

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ።

እኔማ ምን አለብኝ፤ በዚያ ሰሞን ቦኖ ውሃ ተራ ስይዝ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ይከቡኛል። በሕይወቴ ሰው አፌን ሲጠብቅ ያየሁት ያኔ ነው። ፈረሶቹን ያየሁ ያህል አወራላቸው ነበር፤ ጋማቸውን፣ ኮርቻቸውን፣ ዓይናቸውን ሳይቀር። ከፊት ለፊታችን የምትኖር አንዲት ጎረቤት ነበረች... ነበሩ ልበል እንጂ፤ ከሰሜን ከባላቸው ጋር መጥተው እዚሁ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጃቸው ሾፌር ሆኖ መንገድ ለመንገድ የሚውልባቸው፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው ሴትዮ። በራቸው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ እሳቸውም ደፉ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይላሉ፣ ኦሮሞውን "አካም፣ ናጋ?" አማራውን "እንደምን ዋልክ?" እያሉ። አንድ ቀን እጄን ያዙኝ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ እንግዲህ ከዚህ ደፍ አልወጣም። ቀዩ ፈረስ ላይ ለእኔ ብለሽ አንድ ዙር ዙሪልኝ።"

"ወላሂ እዞርልዎታለሁ፣ እማማ" አልኳቸው። ወላሂ አልኩ። የአላህን ስም ጠራሁ።

የወጣን ቀን መንደሩ በሙሉ ደጅ ነበር። በቅቤ የታሸ ጩኮ ያመጣ አለ፣ በጮጮ ወተት ያመጣ አለ፤ እማማ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ላኩ። እኛ ጋ ስንቅ የሰጠህ ሰው መንገድህ ላይ ድርሻ አለው፤ ስትመለስ ያየኸውን ልታወራለት ይገባል። "በናጋ ግቡ! በሰላም ግቡ!" እየተባለ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም የሚነዳው የጭነት መኪና ተነሣ። አቡያ ጋቢና ፍየሏን አቅፈው፣ እኛ ከኋላ ጆንያ ላይ። አማቴ አልተቀመጡም። አዲስ ሻሻቸውን አስረው፣ የመኪናውን ገመድ ይዘው፣ ከተማው እስኪጠፋ ድረስ ቆመው እጃቸውን አወዛወዙ።

ዋደራ ላይ ጉሙ ተቀበለን፤ የጥድ ሽታ፣ ብርድ፣ ልጆቹ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ይዘፍናሉ። ክብረ መንግሥት ስንደርስ ቀትር ሆኗል። ኬላው ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር ጥላ ሥር ምሳ ይበላ ነበር። ዋርሳዬ ደስታው ስላልቻለው ወሬ ጀመረው፤ ወዴት እንደምንሄድ ነገረው።

"ያ የሚዞረው ፈረስ?" አለ ሾፌሩ ጉርሻውን ይዞ። "ኧረ እሱ እኮ ተነቅሎ ሄደ! የውጭ ሰዎች ነበሩ ያመጡት፣ ፈታትተው በመኪና ጭነው ወሰዱት። ሜዳው ባዶ ነው።" ከዚያ ቀና ብሎ አየን። ጆንያ ላይ የተደረደርነውን፣ ጨቅላውን፣ በጋቢናው መስኮት አንገቷን ያወጣችውን ፍየል አየ። "ከነገሌ ድረስ ለእሱ ነው?" ብሎ ሳቀ። አብረውት ያሉትም ሳቁ። ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚያስቅ ነገር ነበርን።

አቡያ ከጋቢና "ብረቱ ሄደ?" አሉ።

"ሄደ፣ አቡያ።"

"ወዴት?"

እኔ አማቴን ነበር የማየው። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት። ከዚያ "አዙረው" አሉ።

መኪናው ዞረ። ልጆቹ ሲያለቅሱ ዝም በሉ ያላቸው አልነበረም። ዋደራ ሳንደርስ አንድ ወንዝ አለ፤ ስሙን ዛሬ ማስታወስ አቃተኝ። አማቴ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፋቸው መቱት።

"እዚህ አቁም። ጠዋት ስንቅ የሰጠኝን ሰው ማታ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ነገ ጨው ይገባል ብል ማን ያምነኛል? አዲስ አበባ ደርሰን እስክንመለስ ያለውን ቀን እዚሁ እንውላለን፣ እዚሁ እናድራለን።" ወደ እኔ ዞሩ። "የምታወሪው አንቺ ነሽ። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።"

እሺ፣ አዮ፣ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ወንዙ ዳር፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ መኪናውን ከጀርባው ሸሸግነው። ዋርሳዬ ልጆቹ ሲያሳዝኑት የመኪናውን ገመድ ቅርንጫፉ ላይ ወርውሮ ዥዋዥዌ ሠራ፣ መቀመጫውን በቀይ ብርድ ልብስ ጠቀለለው። እንባቸው ሳይደርቅ "ቀዩ የኔ ነው!" እያሉ ይጋፉ ጀመር። አቡያም ተቀመጡበት፤ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ በጣም ኮስተር ብለው፣ "ይኼኛው ይችለኛል" አሉ። እነዚያ ልጆች ዛሬ አባትና እናት ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ማለት ያ ወንዝ እየመሰላቸው ነው ያደጉት።

እኛ ትልልቆቹ ግን የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቁጥቋጦ ውስጥ እንገባ ነበር። ባለቤቴ የፍየሏን አፍ በእጁ ይይዛል። አማቴ፣ ገበያው የሚፈራቸው ሴት፣ ጭቃው ላይ በደረታቸው ተኝተው አየኋቸው። አንዴ አንድ መኪና ቀስ ብሎ፣ ሊቆም ትንሽ ሲቀረው፣ ሾፌሩ መልሶ ነዳው። "አላየንም" አሉ አማቴ። ሁላችንም "አላየንም" አልን።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ ሰዉ ወንዝ ወርዶ ገላውን ሲታጠብ፣ አማቴ ወደ ዥዋዥዌው ሄደው ተቀመጡ። ወደ እኔ ሳያዩ "ግፊኝ" አሉ። ገፋኋቸው። ጀርባቸው እንዲህ ቀላል ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ የልጅ ጀርባ። ገመዱ እንጨቱ ላይ ሲጢጥ ይላል፣ የቅጠሉ ጥላ ሻሻቸው ላይ ይሄዳል ይመጣል።

"ሙዚቃ አለው ብሎ ነበር" አሉ።

ሌላ የማውቀው ስላልነበረ ሕፃን የምናስተኛበትን እንጉርጉሮ አንጎራጎርኩላቸው። አላስቆሙኝም።

የገባነው ገበያ ቀን ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ። ከነገሌ ኬላ ጀምሮ ሻሼን እስከ ዓይኔ ስቤ ነበር፤ ስንወጣ የሸኘን ሕዝብ ተሰልፎ ይጠብቀናል ብዬ። መኪናው ወደ መንገዳችን ሲታጠፍ ግን ሰው የለም። አንድም። በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ልጅ የለ፣ እረኛ የለ፣ ደሮ ብቻ መንገዱን ትጭራለች። በቀን ተዘግቶ የማያውቀው የእማማ በር እንኳ ተዘግቷል። "አልሐምዱሊላህ" አሉ አማቴ በሹክሹክታ፣ "አላህ ሰዉን ከመንገድ አነሣልን።" ዕቃችንን አወረድን፣ ጭቃችንን ታጠብን፣ ልብስ ቀየርን። ጎረቤቱ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ሊል የመጣው ካረፍን በኋላ ነው።

በማግስቱ ቦኖ ስወርድ ሴቶቹ ተሰብስበዋል። እማማ በዚያ ጉልበታቸው ምርኩዝ ይዘው እዚያ ድረስ ወርደው አገኘኋቸው። ከሁሉም ቀድመው፣ ጮክ ብለው ጠየቁኝ።

"ቀዩ ላይ ዞርሽልኝ?"

"ዞርኩልዎት፣ እማማ።"

"አላዞረሽም?"

"ትንሽ።"

"ተባረኪ፣ የኔ ልጅ። በቃ ተዉአት፣ መንገድ አድክሟታል" ብለው ጀሪካኔን ከተራው ፊት አስቀደሙልኝ።

ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ከዚያ ወዲያ በደጃቸው ሳልፍ አንገቴን እሰብር ነበር። አማቴም ገበያ ላይ "ሐሙስ ይገባል" ማለት ተዉ፤ "ኢንሻአላህ፣ እናያለን" ሆነ ንግግራቸው። ሰው ሁሉ ግን እንደ ድሮው አጥር ሥር እያደረ ይጠብቃቸው ነበር። ስለ ወንዙ አንድም ቀን አንሥተን ሳናወራ ሞቱ። አቡያም ሞቱ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ እማማ ሲያርፉ ለቅሶ ደረስኩ። ሾፌሩ ልጃቸው፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ እናቱ ደግነት ሲያወራ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንዙ ዳር ያየኋችሁ እኔ ነኝ" አለኝ። "ፍጥነቴን ስቀንስ ፍየሏን አየኋት። ለእናቴ ነገርኳት፣ 'ለማንም እንዳትናገር' አለችኝ። ስመለስ ደግሞ ዕቃ ስትጭኑ አየሁ፣ ቀድሜያችሁ ገባሁና 'ዛሬ ናቸው' አልኳት። ምርኩዟን አንሥታ ወጣች። በየደጁ እየገባች 'የሚመጡት አሁን ነው፤ በራችሁን ዝጉ፣ ልጆቻችሁን አስገቡ፣ አንድ ሰው ደጅ ቆሞ እንዳያያቸው' አለች። ጉልበቷን ታውቂው የለ። ያን ቀን መንደሩን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው።"