ሁለት ክንድ ከግድግዳ

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ዝናብ እንዳይሉት ቀጭን፣ እንዳይንቁት አጥንት ድረስ የሚዘልቅ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጭንቅላቷ ላይ ከረጢት ደፍታ በራችንን ቆረቆረች። የልብስ ሜትሯ እንደ ሁልጊዜው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ክንዴ አለ?" አለችኝ።

ክንዴ የባለቤቴ ቅጽል ስም ነው። ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ የእንጨት ምድጃና የጭስ ቱቦ ይተክላል። "ሜትር ይጠፋል፣ ክንዴ ግን ከትከሻዬ አይወርድም" ስለሚል ሰፈሩ ክንዴ ብሎ አስቀረው። ባለፈው ክረምት ከጣሪያ ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጠመ፤ ጣቶቹ ግን እንደተቆለመሙ ቀሩ። መዶሻውን በግራው ለመደ። የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊዋ ከሟች አጎቷ ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ምድጃ አውጥታለች። እናቷ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። አልጋቸው ከስፌት ክፍሏ ግድግዳ ማዶ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ጭቃ የተመረገ ሳንቃ። አሮጊቷን ብርድ እየጨረሳቸው ነበር። እሳት ቢነሳ ግን ሮጠው አይወጡም።

አብረናት ወደ ስፌት ክፍሏ ሄድን። ባለቤቴ ምድጃውን ገልብጦ ጀርባውን በቢላ ፋቀ። ከዝገቱ ሥር የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ወጡ።

"ታርጋ ነበረው፤ ነቅለውታል" አለ።

"ታርጋ? መኪና ነው እንዴ?"

"የሠሪው ስም ያለበት ነዋ። ከግድግዳ ምን ያህል እንደሚርቅም እዚያው ላይ ይጻፋል።" በጣቱ አንኳኳው። "ገላው አንድ ላሜራ ብቻ ነው። ውስጡ ጡብ የለ፣ ጀርባው መከለያ የለ። ሙቀቱን እንዳለ ነው የሚተፋው። ስሙን ያልተናገረ እንግዳ ከግድግዳ ይራቅ። በየጎኑ ሁለት ክንድ።"

"ሁለት ክንድ! የስፌት መኪናዬንስ አናቴ ላይ ልሸከማት?"

"አናትሽ ላይ ብትሆን ቢያንስ አትቃጠልም።"

ሳቅን። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደለደለ፣ ቀኝ ክንዱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሁለቴ ለካና ተከለው። አመሻሹ ላይ እናትየው "ካልሲዬን አውልቁልኝ፣ ሞቀኝ" አሉ። ባለቤቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ብርዱ ሲጠና ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መጣች።

"ክንዴ፣ ግድግዳዬ ዳቦ ዳቦ ይሸታል።"

አብሬው ሄድኩ። መዳፌን ጭቃው ላይ ሳሳርፍ አቃጠለኝ። ባለቤቴ ተንበርክኮ ለካ። አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ።

"ልክ ነው፤ ንቅንቅ አላለም" አለ።

"እስቲ እጅህን አምጣ።" ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ እጅጌ እንደምትለካ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ዘረጋችው። ቀጥላ ግራውን ለካች። መቀለድ የምትወድ ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ግን አልቀለደችም። "ቀኝህ አጥሯል፣ ወንድሜ" አለች። "ጣቶችህ እኮ አይዘረጉም።"

እጁን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጦ አየው። መሮ አንስቶ ጭቃውን ፈነቀለ። ከሥሩ ያለው ሳንቃ ከሰል ሆኗል። ነበልባል የለው፣ ጭስ የለው፤ ዝም ብሎ ጠቁሯል።

ከማዶ እናትየው "ማነው የሚያንኳኳው?" አሉ።

ባለቤቴ እሳቱን አወጣ፣ ግድግዳው ላይ ውሃ ደፋ። ምድጃው ሲበርድ በግራ ክንዱ ለክቶ ወደ መሀል አመጣው፣ የጠቆረውንም ሳንቃ ለወጠ። የስፌት መኪናዋ በረንዳ ወጣች። "የእማዬን ብርድ እኔ ወረስኩ" አለች፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች።

ከወደቀ ወዲህ የተከላቸውን ምድጃዎች ሊያርቅ በየቤቱ ዞረ። አንዳንዱ አስገባው። አንዳንዱ "ክንድህ ካጠረ ለኛ ምን አገባን?" ብሎ መለሰው። ከድልድዩ ማዶ ያለው ጡረተኛ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ "እኔ ሞቆኛል፣ ምድጃዬን አትንካብኝ" አለው። ለመነው። ዘጋበት።

በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የሰፈሩ ቀልደኞች ክንዴ ማለቱን ትተው ስንዝሬ ይሉት ጀመር። ምድጃ ትከልልኝ የሚለው ጠፋ። እኔ ሜትር ገዛሁለት፤ አመስግኖ ሚስማር ላይ ሰቀለው። እዚያው ነው ያለው።

አሁን ገበያው ዳር ቁጭ ብሎ የሚያፈስ ባልዲና ማንቆርቆሪያ ይበይዳል። ሲመሽ በቀጥታ ወደ ቤት አይመጣም። በድልድዩ ዞሮ፣ የጡረተኛው ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ጭሱ በቱቦው ብቻ መውጣቱን አይቶ ነው የሚመጣው። ጠዋት ሸሚዙን እቆልፍለትና ይሄዳል።