እናቴ የእድሯን ገንዘብ በቁሟ የጠየቀች ዕለት

ይህ የሆነው የጅቡቲው ባቡር አቃቂ ጣቢያ ቆሞ መንገደኛ በሚያወርድበት ዘመን ነው። እንደዚያ ዕለት በሰው ፊት አፍሬ ስለማላውቅ፣ ይህን ያህል ዓመት አልፎም አልረሳሁትም።

እናቴ የምትኖረው ከሐዲዱ ብዙ በማይርቅ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን ነበር። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር፣ እሱ ካረፈም በኋላ ባቡር ነጂዎቹ ያውቋታል። በደጇ ሲያልፉ ጡሩምባ ይነፉላታል፤ እሷም ነጠላዋን ታውለበልብላቸዋለች።

ሽንት ቤቱ ከቤቱ ጀርባ፣ ሦስት የተሸረሸሩ የድንጋይ ደረጃዎች ወርዶ ነው። አንድ ክረምት እዚያ አንሸራቷት ወደቀች። አጥንቷ ባይሰበርም ሁለት ወር በምርኩዝ አነከሰች። እኔ የምኖረው ጉለሌ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን አንድ ክፍል አጸዳንላት፣ አልጋም ገዛንላት። "ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም" ስላት ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

ልወስዳት የመጣሁበት እሑድ የእድሯ ስብሰባ ነበር። "መጀመሪያ እድር ደርሰን እንምጣ" አለችኝ። ልትሰናበታቸው መስሎኝ ክንዷን ይዤ ሄድኩ።

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች። የእድሩ ዳኛ አቶ ማሞ "ይናገሩ፣ እማማ" አሏት።

"ሃያ ዓመት ከፍያለሁ" አለች። "ስሞት ለድንኳኑና ለንፍሮው የምታወጡልኝን አሁን ስጡኝ። ደረጃዬን ላሠራበት፣ ሽንት ቤቱም ላይ መቀመጫ ላስገነባበት ነው። ስሞት ያለ ድንኳን ብትቀብሩኝ ቅር አይለኝም።"

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልጅ እያላት ጧሪ ያጣች መሰለችብኝ። ሳላስበው ብድግ አልኩና "እኔ እያለሁ እድሩ ምን አገባው? የሚያስፈልጋትን እኔ አደርጋለሁ" አልኩ።

እናቴ አልተቆጣችም። "ልጄ ጥሩ ልጅ ነው" አለቻቸው። "ደረጃውን አሠራልኝ ብዬው ነበር። 'ለምትለቂው ቤት ሲሚንቶ ምን ያደርጋል?' አለኝ። የምለቀው ቢሆን እውነቱን ነበር።"

ብያት ነበር። መናገሬንም ረስቼው ነበር። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

አቶ ማሞ ደንቡ የሚከፍለው ለሞት ብቻ መሆኑን አስረዱ። ከኋላ ግን ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ እጃቸውን አነሡ። "እማማ ሲሞቱ ተሸክመን ልንቀብራቸው ከተስማማን፣ በእግራቸው እንዲሄዱ መርዳት ምኑ ነው የሚከብደው?" አሉ።

ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ ግማሹ አሁን እንዲሰጣት፣ ስትሞት ከሚከፈለው ላይ እንዲቀነስ ተስማሙ። ኋላ ጥያቄ እንዳይነሣ ወራሿም ይፈርም ተባለና ጸሐፊው መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው።

ከፈረምኩ እኔ ጋ አትመጣም ማለት ነው።

"እማዬ፣ ደግመሽ ብትወድቂስ?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ያንተም ቤት መሬት አለው እኮ" አለችኝ።

ፈረምኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ደረጃዎቹን አፍርሰው በሲሚንቶ ለእግር የሚመች ተዳፋት ሠሩ፤ የሽንት ቤቱንም መቀመጫ ገነቡ። ብረታ ብረት ፋብሪካ የሚሠራ ጎረቤታችን ደግሞ ቧንቧ በይዶ ከጓሮ በሩ እስከ ሽንት ቤቱ መደገፊያ ተከለላት። አልጋዋም ከፍ ይልባት ስለነበር እግሮቹን በመጋዝ አሳጠርናቸው። የእኔ ሥራ አሸዋና ሲሚንቶ ማቡካት ነበር፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ጋሽ ቶሎሳ የእጃቸውን ዋጋ አልቀበልም ቢሉም "በነፃ በተሠራ መንገድ አልሄድም" ብላ ብሩን ኪሳቸው ውስጥ ከተተችው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሳልነግራት መጣሁ። ቤቱ ተቆልፏል። ሮጬ ጓሮውን አየሁ፣ የለችም። ጎረቤት ለጎረቤት ስፈልጋት አራስ ቤት አገኘኋት። ሕፃኑን ታቅፋ ከሴቶቹ ጋር ትስቃለች። "ሰው ሲመጣ አስቀድሞ ያስታውቃል" አለችኝ ቀና ብላ። ጥግ ላይ በርጩማ ሰጡኝና ጨዋታዋን እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

ስምንት ዓመት ኖረች፤ ያረፈችውም በቤቷ ነው። እድሩ የቀረውን ግማሽ ከፈለ፣ የጎደለውን እኔ ሞላሁ፤ ድንኳኑም ተተከለ።

ዛሬም ያን ስብሰባ ሳስታውስ አፍራለሁ። እሷ ግን ምንም የሚያሳፍር ነገር አልሠራችም። እኔን የሚያሳፍረኝ፣ ቤት ውስጥ በቀስታ የነገረችኝን የሰማኋት ስልሳ ሰው ፊት ቆማ ስትደግመው መሆኑ ነው።