ከዳማ አፍ የተቀበልኩት

ውሻ ማሠልጠን ቀላል ነው የምትሉ ልጆች፣ እስቲ ጠጋ በሉ። በደርግ ጊዜ ነው፤ ጥቅምት ገብቶ የስማዳ ቆላ ማሽላ አሽቷል፣ ሣሩም ገና ወገብ ይደርሳል። ቆቁ ማሳውን ስለፈጀው የገበሬ ማኅበሩ አጎቴን አያ ደሴን «ጠመንጃዎን ይዘው ይውረዱልን» ብሎ ለመናቸው። እኔም ውሻዬን ዳማን ይዤ ተከተልኳቸው።

ዳማ የአገራችን ውሻ አልነበረም። ንፋስ መውጫ ከተማ ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልኝ ነው፤ ፀጉሩ ቀላ ያለ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ተፈጥሮው ተተኩሶ የወደቀ ወፍ አንሥቶ ለጌታው ማምጣት። ለጥበቃስ አትመኙት፤ ሌባ ቢመጣ ዱላውን ተሸክሞለት ነው የሚያስገባው። እንክብካቤው ግን እንደ አራስ ነበር። ከጫካ በተመለሰ ቁጥር ጭጎጎቱን ከፀጉሩ እለቅማለሁ፣ መዥገሩን እነቅላለሁ፤ ወንዝ ዋኝቶ ሲወጣ ጆሮውን በጨርቅ ካላደረቅሁለት ይመግልበታል። ቆላ ስንወርድ ሙቀቱ እንዳይጥለው ውኃ በቅል እይዝለታለሁ። ሚስቴ «የእኔንስ ጠጉር መቼ ነው የምታበጥርልኝ?» ትለኝ ነበር።

ትልቁ ጸጋው አፉ ነው። እንቁላል ቢይዝ አይሰብርም። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቆሰለ ቆቅ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ በክት ነው፣ ማንም አይቀምሰውም። ስለዚህ ነፍስ ያለው ባመጣ ቁጥር ቁራሽ እሰጠዋለሁ፤ ወፉ ከእጄ አምልጦ መሬት ላይ ሲፈራገጥም እንደገና እንዲያነሣው አስለመድኩት። ጎረቤቱ ጉድ አለ፤ እኔም ተኮፈስኩ።

ያን ቀን ጤዛው ሳይረግፍ ከገደሉ ሥር ደረስን። ጭቃው ላይ ዱካ አየሁ፤ ክብ፣ ጥፍር ያልታተመበት። የጅብ ቢሆን ጥፍሩ ይታይ ነበር። አያ ደሴ ጎንበስ ብለው አዩና «ነብር ነው። የትናንት ይመስለኛል፣ አትፍራ» አሉኝ። ልቤ ግን አልረጋ አለኝ። ነብር ከበግ ይልቅ ውሻ እንደሚወድ ማን ያጣዋል? እንመለስ ልል ፈለግሁና አፈርኩ።

የመጀመሪያውን ቆቅ ዳማ አመጣው፣ አርጄ ከመታጠቂያዬ ጋር አሰርኩት። ሁለተኛው ከአንድ ትልቅ ዓለት ሥር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀ። ዳማ ገባ፤ ዘገየ። ዘግይቶ አያውቅም። አፏጨሁ፣ መልስ የለም። ኋላ ቅጠሉ ተንቀሳቀሰና ጅራቱን እየቆላ ብቅ ሲል እፎይ ብዬ ቢላዋዬን በአንድ እጄ መዘዝኩ፣ ሌላውን ዘረጋሁለት። መዳፌ ላይ ያረፈው ግን ላባ የለውም። ዓይኗን በቅጡ ያልገለጠች የነብር ደቦል ነበረች። አንዲት ጭረት የለባትም፤ ልቧ መዳፌ ውስጥ ይመታል።

ከዓለቱ ላይ እንጨት የሚገዘግዝ መጋዝ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። እናትየዋ ናት።

አያ ደሴ ጠመንጃቸውን ደገኑ። «አይተኩሱ!» አልኳቸው። ለቆቅ የተጎረሰ ደቃቅ እርሳስ ነብር ያቆስላል እንጂ አይገድልም፤ የቆሰለች እናት ደግሞ ሁለታችንንም አትምርም። ደቦሏን ሣሩ ላይ አኑሬ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ። ደቦሏ ጮኸች፣ ተፈራገጠች። ዳማ ይህን ሲያይ ዘሎ አነሣትና መልሶ ሰጠኝ። ቁራሹን ይጠብቃል!

ነብሯ ከዓለቱ ወረደች። ጆሮዋን ለጥፋ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ ትመጣለች።

«ውሻውን ተውላትና ና!» አሉኝ አያ ደሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አልተወውም፣ አያ!»

ብተወው ዳማ መሸሹን አያውቅበትም፤ ነብሯንም ጅራቱን እየቆላ ሊቀበላት ነው። የእመቤታችንን ስም እንኳ መጥራት አቃተኝ። እጄ መታጠቂያዬን ሲዳስስ የታረደውን ቆቅ ነካ። ለካ ዳማ አፉ ከሞላ ሌላ አያነሣም! ቆቁን አጎረስኩት፣ ማጅራቱን ጨምድጄ ያዝኩ፣ ደቦሏን አስቀመጥኩና ጀርባዬን ሳልሰጥ አፈገፈግሁ። ደቦሏ ስትጮህ ዳማ ተንፈራገጠ። ቆቁን ግን አልጣለም።

ነብሯ ደረሰች። ልጇን አሸተተቻት፣ ደጋግማ አሸተተቻት። የውሻ ሽታ ሸቷት ብትተዋትስ፣ ወይም ብትዘልብንስ ብዬ የዳማን ማጅራት ይበልጥ ጨመደድኩ። ከዚያ ቀና ብላ አየችን፤ ልጇን በማጅራቷ አንጠልጥላ፣ ልክ እንደ ዳማ ሳታሳምማት፣ ወደ ገደሉ ወጣች።

ማሽላው ማሳ ስንደርስ ተቀመጥን። አያ ደሴ የግንባራቸውን ላብ ጠርገው፣ «ይህ ውሻህ ሞትንም ቢሆን ነፍሱ ሳትወጣ ነው የሚያመጣልህ!» አሉና ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ዳማን አቅፌ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ዳማን «ተው» ማስተማር ያዝኩ፤ «አምጣ» ከማለት ይልቅ እጅግ ከበደኝ። እንስሳ ያስለመዳችሁትን እንጂ የልባችሁን አያውቅም፤ ቡችላ ስትይዙ መጀመሪያ መተውን አስተምሩት። እኔ እንደሆንኩ ያ ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የልጅ ልጅ ተወልዶ ሲያሳቅፉኝ እንኳ፣ ፊቱን ከማየቴ በፊት ቀና ብዬ እናቱ የት እንዳለች እፈልጋለሁ።