አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ ቤታችን መጥተው ሲጠይቁኝ ስለ ቁጣዬ፣ ስለ ሐሜቴ፣ ጾም ስለ መግደፌ እዘረዝርላቸዋለሁ፤ እዚህኛው ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰርና «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ አለ። ፊትዎን የማላየው አንባቢ፣ ዛሬ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ።

አንዲት ልጅ እውነት ተናገረች፤ እኔ ዋሸች አልኩ። እውነት መናገሯን እያወቅሁ ዋሸች አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ይብሳል።

ዳንግላ ውስጥ አንድ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ለኮምፒውተር ሳይንስ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስ እሰጣለሁ፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪክና ማግኔት፣ ቀጥሎ ብርሃን፣ መስታወትና ሌንስ። ልጆቹ ትምህርቱን አይወዱትም። ኮድ ለመጻፍ የመጣ ልጅ የሌንስ ነገር ምኑ ነው? «መምህር፣ ይሄ ለሶፍትዌር ምን ያደርግልናል?» ይሉኛል በየዓመቱ። መጀመሪያ መጀመሪያ እመልስ ነበር። ስለ ካሜራ፣ በመስታወት ገመድ ስለሚሄደው ኔትወርክ አወራላቸው ነበር። እያደር ሰለቸኝ። ሲሰለቸኝ ላብራቶሪ መግባት ተውኩ። ቁልፉን ለክፍሉ ተወካይ ሰጥቼ ቢሮዬ እቀመጣለሁ፤ እነሱ ሪፖርት ይዘው ይመጣሉ። ሪፖርቱ ከላይኛው ዓመት ተማሪዎች በፍላሽ የሚተላለፍ ነው። ስምና መታወቂያ ቁጥር ብቻ ይቀየራል፤ አንዳንዱ እንዲያውም የቀድሞውን ልጅ ስም ሳያጠፋ ያስረክበኝ ነበር። አውቃለሁ። እያወቅሁ ማርክ እሰጣለሁ።

ልጅቷን ውባለም ልበላት፤ ስሟ ይህ አይደለም። ከአዲስ ቅዳም ዙሪያ ከገጠር የመጣች፣ ቤቷ አውንጊ የምትናገር ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ክፍል ውስጥ ሲሆን ይያያዝባት ነበር፤ ወረቀት ላይ ግን ልቅም ያለ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤቷ ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ነበር። አንድ ኤፍ ካገኘች ትባረራለች። ይህንንም አውቅ ነበር።

ሙከራው ቀላል ነው። ሻማ አለ፣ ሌንስ አለ፣ ነጭ ወረቀት አለ፤ የሻማው ምስል ወረቀቱ ላይ ጥርት እስኪል እያንቀሳቀሱ ርቀቱን ይለካሉ፣ ከዚያ የሌንሱን የትኩረት ርቀት ያሰላሉ። ሌንሶቹ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ ቦታው ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። የዚያ ሙከራ ሌንስ ቦታ ላይ የተጻፈው አሥር ሴንቲ ሜትር ነው። ተማሪው ሁሉ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት፣ አሥር ነጥብ አንድ እያለ አመጣ። ፍላሹ ላይ ያለው ቁጥር ነዋ! ውባለም አሥራ አምስት ብላ መጣች። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ሣጥኑ ላይ የተጻፈው አሥር ነው። እኔ ግን አምስት ጊዜ ለክቼ አምስቱንም ጊዜ ወደ አሥራ አምስት መጣልኝ። ሌንሱ ተቀይሮ ይሆን?»

ምን ነበረበት ተነስቼ ብለካው? ላብራቶሪው ከቢሮዬ ቀጥሎ ያለው በር ነው። አልተነሳሁም። ሪፖርቱን ይዤ ክፍል ገባሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ፋብሪካው ተሳስቷል፣ ውባለም ልክ ናት» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከፍላሹ የገለበጡት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሷ ተነስታ «ለክቼ ነው፣ መምህር» አለች። ከዚያ ተቀመጠች። እኔ በቀይ እስክርቢቶ «የፈጠራ ቁጥር» ብዬ ጽፌ ዜሮ ሰጠኋት። ላብራቶሪው ዜሮ ሲሆን ኮርሱ ኤፍ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስንፍና ነው፤ ስንፍና ብቻ ቢሆን ለአባ ነግሬያቸው በተገላገልኩ። ኃጢአቴ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ውባለም ቅሬታ አስገባች። ዲፓርትመንቱ በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ጠየቀኝ። መልሱን በጻፍኩበት ዕለት ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ ላብራቶሪውን ከፈትኩ። ሌንሱን ከአሥር ቁጥር ላይ አነሳሁና መስኮቱ ፊት ያዝኩት። ከጀርባው ወረቀት አደረግሁ። ማዶ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ተገልብጦ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ቅጠል ከቅጠል እስኪለይ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ማስመሪያውን አስጠጋሁ። አሥራ አምስት። ደገምኩ። አሥራ አምስት። አሥራ አምስት ከሚለው ቦታ ሁለተኛውን ሌንስ አነሳሁና ለካሁት፤ አሥር። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። መንፈቅ ዓመቱ ሲጀመር ሌንሶቹን አውጥቼ በመሐረብ የወለወልኳቸው እኔ ነኝ። ስልክ እያወራሁ፣ ሳላይ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።

ሁለቱን ሌንሶች እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ እያንዳንዱን በትክክለኛ ቦታው መለስኩ። ያነበቡትን ልብ ብለዋል? አስተካከልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ዕለት አንድን ነገር በትክክል ሠርቼ አላውቅም፤ የሠራሁትም የልጅቷን ማስረጃ ማጥፋት ነበር። በማግስቱ ከዲፓርትመንቱ የተላከ ሰው መጥቶ ለካ፤ አሥር አገኘ። የእኔም ደብዳቤ «ተማሪዋ ሳትለካ ቁጥር ፈጥራለች» ይል ነበር።

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ያስፈራራኝ የለም። ተሳስቻለሁ ብል ከሥራ የሚያባርረኝም አልነበረም። ያ የሳቀ ክፍል ፊት ቆሜ «ውባለም ልክ ነበረች» ማለት ሞት ሆነብኝ እንጂ። ለእነዚያ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ሳቅ ስል አንዲትን ልጅ ሸጥኩ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር። የለኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ አባቷ መጡ።

ከአዲስ ቅዳም በጠዋት ሚኒባስ ነው የመጡት። ከሰል አክሳይ ናቸው፤ ጥቁረቱ በእጃቸው መስመሮች ሁሉ ገብቶ ቀርቷል። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። ውባለም በሩ ላይ ቆማለች።

«መምህር፣» አሉ፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስለ ትምህርቱ እርስዎን የምሞግትበት አፍ የለኝም። መባረሯንም ችዬዋለሁ፤ መሬት አለን፣ ትሠራለች። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝና ልሂድ። ይቺ ልጅ ዋሽታ አታውቅም። ልጄ ዋሽታለች ወይ?»

ግሬድ አልለመኑኝም። ምሕረት አልለመኑኝም። የጠየቁኝ እውነቱን ብቻ ነው፤ እውነቱ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ሣጥን ውስጥ ነበር። ያን ሰዓት «የለም አባቴ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት» ብል ሁሉም ነገር ይቃና ነበር። ቅሬታው ገና አልተዘጋም ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«አዎ፣ አባቴ፣» አልኩ። «ዋሽታለች።»

ወደ ልጃቸው ዞረው በአውንጊ አንድ አጭር ነገር አሉ። ቋንቋውን አልሰማም፤ ትርጉሙን ማንንም ጠይቄ አላውቅም፣ ለመጠየቅም እፈራለሁ። ውባለም አላለቀሰችም። እሳቸውን አላየቻቸውም። እኔን አየችኝ። ያወቀች ይመስለኛል። ከዚያ አባትየው እጅ ነስተውኝ ወጡ፤ እሷም ከኋላቸው ሄደች።

ቅሬታዋ ውድቅ ሆኖ ከተባረረች ወዲህ እኔ ጥንቁቅ መምህር ሆኛለሁ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ሌንሶቹን አንድ በአንድ እለካለሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋር ቆሜ እውላለሁ። የተገለበጠ ሪፖርት አልቀበልም። ተማሪዎቹ በግምገማቸው ያመሰግኑኛል። ምስጋናቸውን ባነበብኩ ቁጥር ወጥቼ መጮህ ያምረኛል። ሰው ከነነፍሱ ቀብሮ መቃብሩን አበባ በአበባ ያደረገ ሰው ምስጋና ይገባዋል?

ስንት ጊዜ አዲስ ቅዳም ልሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ! አንዳንዴ ሳይነሳ እወርዳለሁ። አንዳንዴ ከተማው ስደርስ ሳልወርድ እስከ እንጅባራ አልፌ፣ በሌላ መኪና አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ። ባለፈው ዓመት ግን፣ በአንድ የገበያ ቅዳሜ፣ ወረድኩ። ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። መንገድ ዳር በተደረደሩ የከሰል ማዳበሪያዎች አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። እኔ ሳልጠራቸው እሳቸው አወቁኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መምህር! እግዜር ነው ያመጣዎት፣» አሉ። «ያን ጊዜ አፍሬ ምንም ሳልል ሄድኩ። ልጄ ዋሽታ እርስዎን አድክማለች። እስከ ዛሬም አልዋሸሁም እንዳለች ነው። እኔ የመምህሩን ቃል ትቼ ማንን ልመን? አላምንሽም ስላት ጨርቋን ጠቅልላ እንጅባራ ገባች። ለፋሲካም አትመጣም። እናቷ እያለቀሰች ነው። ምናልባት እኮ የእርስዎ ሐዘን ይሆናል በቤታችን ላይ ያለው። ይቅር ይበሉን።»

ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ቃሉን መንገድ ሙሉ ሳጠናው ነበር። ሽማግሌው ዝቅ ብለው ጉልበቴን ሊነኩ ሲሉ ትከሻቸውን ይዤ አነሳኋቸው፤ ከአፌም የወጣው ይህ ነው፦

«ይቅር ብያችኋለሁ፣ አባቴ።»

ትከሻዬን ሳሙኝ። መረቁኝም። ምርቃቱን ቆሜ «አሜን» እያልኩ ተቀበልኩ።

አሁን ለምን እንደምጽፍ ያውቃሉ? ድፍረት እንዳይመስልዎት። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም። እኔም ይህን የጻፍኩት እሳቸው ፈጽሞ በማያዩት ቦታ ነው። ኑዛዜዬ እንኳ ፈሪ ነው። ስለዚህ ከእርስዎ ይቅርታ አልለምንም፤ ቢሰጡኝም አይያዝልኝ። አንድ ቀን ግን በአዲስ ቅዳም በኩል ካለፉና መንገድ ዳር ከሰል ይዘው የቆሙ፣ ሰው ሲያዩ ባርኔጣ የሚያወልቁ ሽማግሌ ካገኙ፣ እኔ ያቃተኝን ይንገሩልኝ። ልጅዎ አልዋሸችም ይበሏቸው። አምስት ጊዜ ለክታለች። አሥራ አምስት ነበር።