ባለ ሁለት አፍንጫዋ ንግሥት

የስፌት መኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር ቡታጅራ፣ አክስቴ ዘይነባ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ያልኩ ይመስለኛል። አንድ ቀን በአክስቴ ጠገራ ብር ላይ ያለችው ንግሥት ሁለት አፍንጫ አውጥታ ተገኘች። እንዲህ ያለው ብር ውድ ነው ስላሏት አክስቴ እኔን አስከትላ ብር ሠሪው ዘንድ ሄደች።

ሰውየው በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ «ውድ የሚሆነው ከማተሚያው መንታ ሆና ብትወጣ ነው፤ ያኔ ሁለቱም አፍንጫ ጉብ ይል ነበር» አለ። «ይሄኛው ግን ተጨፍልቆ የመጣ ነው። የሚንቀጠቀጥ ከባድ ነገር ተጭኗት ከርሟል።»

የመንታው ነገር አልገባኝም። የሚንቀጠቀጠውን ግን አወቅኩት፤ የስፌት መኪናው እንዳይነቃነቅ ብዬ ብሩን አንድ ወር ከእግሩ ሥር ሸጉጬው እንደነበር አመንኩ።

አክስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ወላሂ፣ ያኔ መኪናዬ እንዴት ቀጥ አድርጎ ይሰፋ ነበር!»

ቤት ስንገባ ብሩን ራሷ መልሳ ከእግሩ ሥር ከተተችው። ዛሬ መኪናው የእኔ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ንግሥቲቱ ግን አንድም አፍንጫ የላትም።