ዓባይን ያጎደልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ «የዓባይ አገሮች አሁንም አልተስማሙም» ብላ ከስልኳ ስታነብልኝ ሳቄ አመለጠኝ። ውሃውን ያጎደልኩት እኮ እኔ ነኝ!

በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ፈረንጆች ዳንግላ አጠገብ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ወንዛችን ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተክለው ውሃውን ይለኩ ነበር።

ድንቼ ሊደርቅብኝ ደረሰ፤ በጎረቤቴ የመስኖ ተራ ወንዙን ወደ ቦዬ ጠለፍኩት።

ፈረንጁ እንጨቱን አይቶ «ቀንሷል» ብሎ ጻፈ። የተማረ ሰው አይደል!

ተራ የሚያካፍሉን የውሃ አባት ግን ቦዬን አዩ። «አንተ ቀማኛ! ታች ያለው ምን ይጠጣ?»

«ጎረቤቴን ነው ግብፅን የሚሉት፣ አባቴ?»

«ሁለቱንም!» አሉና ሁለት ተራ ከለከሉኝ። ድንቼም ደረቀ።

አገሮቹ ግን እስከ ዛሬ የውሃ አባት አላገኙም። እናንተስ የማንን ውሃ ጠልፋችኋል? ተናዘዙ፤ እኔ ጀምሬያለሁ።