እትዬ ብዙነሽ ያንከባለሏት ኳስ

ቆይ፣ ቆይ፣ ተራ በተራ! «የፓወርፖይንቷ ኳስ ከኢንተርኔት የወረደች ናት» ያልከው ሰውዬ፣ ያን ሰሞን አማን ላይ ኔትወርኩ እንኳን ኳስ ሊያወርድ «ሄሎ» አያደርስም ነበር። «ሴትዮዋ ከታይፕ በቀር ምን ያውቃሉ?» ያልሽዋም፣ የሠርግ ጥሪሽን በሐረግ ያስጌጠልሽ ማን ነበር? «አንተው ራስህ ሠራሁ ስትል አልነበር እንዴ?» ላላችሁኝ ደሞ እመለሳለሁ። እሱ ትንሽ ይከብዳል።

ላልሰማችሁ፣ እትዬ ብዙነሽ አርፈዋል። ሆስፒታል በገቡ በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት። አማን መናኸሪያ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው ከሙህዲን አጠገብ ኮፒና ጽሕፈት ቤት የነበራቸው። ስልኩ ሲመጣ የአንድ ሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረግኩ ነበር። «እሺ» ብዬ ዘጋሁና መታወቂያውን ገልብጬ የጀርባውን ጨረስኩ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶም ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስማቸውን ጻፍኩ፣ አተምኩ። ማተሚያው ወረቀት አለቀብኝ አለ፤ ጨመርኩለት። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ፊደሉ አነሰ እንዴ እያልኩ ነበር። አሁንም እንባ የለም። የት እንደሄደ አላውቅም።

እኔ ታምራት ነኝ፣ እዛው ኮፒ ቤታቸው የምሠራው። ስምንተኛን ሁለት ጊዜ ወድቄ ሦስተኛውን ዕድል ለሌላ ሰው የለቀቅኩ ለጋስ። ኮምፒውተር ላይ ግን ከሸዋ ቤንች እስከ ማጂ የሚደርስብኝ የለም። ጉራ ነው? አዎ ጉራ ነው። ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ኮምፒውተር ገዝተው እንደ አዲስ ተማሩ። ከሸኮ በኩል አማርኛ የማይገባቸው ሽማግሌ አቤቱታ ሊያስጽፉ ሲመጡ፣ ከተሰለፈው ሰው ቋንቋቸውን የሚችል ፈልገው አስተርጓሚ ያደርጉታል። ጽፈው ሲጨርሱም ከላይ እስከ ታች ያስነብቡላቸዋል። ሰልፉ ሲያጉረመርም «ቃሉ የሳቸው ነው፤ ሳይሰሙት አይፈርሙም» ይላሉ። አለቀ።

ወደ ኳሷ። የዛሬ ሁለት ዓመት የሚዛንና የቴፒ ወጣቶች የእግር ኳስ ውድድር ሊከፈት ሲል ኮሚቴው መጣ። አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር የሚታይ ፓወርፖይንት ፈለጉ፤ ኳስ እየተንከባለለች ትገባና የቡድኖቹ ስም ይወጣል። «አምስት ደቂቃ!» አልኩ። ክብ ሠርቼ ከግራ ወደ ቀኝ ሰደድኳት።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩ። «ታሜ፣ ይሄ ኳስ ነው ወይስ የሚጎተት ሰሃን?»

ላይዋን አበራሁ፣ ሆዷን አጠቆርኩ፤ ድብልብል ያለች ኳስ መሰለች። ከዛ እንድትሽከረከር አደረግኩ። ብርሃኑም አብሮ ዞረ፤ በሆዷ ሥር ገብቶ በጀርባዋ ወጣ።

«ፀሐይዋን ከኳሱ ጋር ጠፍረሃታል እኮ! ምን አደረገችህ?» ብለው ሳቁ።

ከቦርሳቸው ብርቱካን አወጡ። በእስክሪብቶ መስመር አሰመሩበትና መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉት።

«መስመሩ ዞረ?»

«ዞረ።»

«ብርሃኑስ?»

ብርሃኑ በመስኮቱ በኩል እንዳለ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ብርቱካን ስበላ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ቀን አስተውዬው አላውቅም።

«እንግዲያው ኳሷ ሁለት ናት» አሉ። ታች ያለችው መስመር አላት፣ ትዞራለች። ከላይዋ የምትደረበው እሷኑ የምታክል ናት፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ያላት፣ እንደ መስኮት መስታወት ሥሯን የምታሳይ፤ እሷ አትዞርም። ሁለቱ እኩል ተነስተው በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ስንት ጊዜ ትዙር ብዬ ስጨነቅ ሙህዲንን ክር ለመኑት። ክሩን ብርቱካኑ ወገብ ላይ አዙረው ቆረጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «አንዴ ሲዞር ይሄን ያህል ነው የሚሄደው። ከዚህ ካለፈ ተንሸራተተ፤ ካነሰ ጭቃ ይዞታል» አሉ።

ሙህዲን በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እትዬ፣ ለአንድ ኳስ ይሄ ሁሉ ልክ? እኔ ሱሪ እንኳን እንዲህ አልለካም!» አላቸው።

«ለዛ ነዋ ሱሪህን የለበሰ ሁሉ የሚያነክሰው!»

የመክፈቻው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ኳሷ ስትመጣ ፊት የተቀመጠው የቴፒ በረኛ እግሩን ሰበሰበ። ጭብጨባው ሳያበቃ መድረክ መሪው «ይሄን የሠራው ማነው? ይቁምልን!» አለ።

ቆምኩ።

እጄን ሁሉ አውለበለብኩ። እትዬ በሩ አጠገብ የፕሮጀክተሩን የላላ ሶኬት በሁለት እጃቸው ደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸው ቢለቁት ኳሷም እኔም ጠፍተን ነበር። አለቀቁትም። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ቁጣ ስጠብቅ «ነገ በጠዋት ና፣ የሚባዛ የፈተና ወረቀት አለ» ብቻ አሉኝ። ከዛ ወዲህ በየሻይ ቤቱ ኳሷን የኔ አድርጌ ኖርኩ። አንድ ቀንም አላረሙኝም። እነግራቸዋለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ እያልኩ ሆስፒታል ድረስ ሄድኩ። ሄጄ ስለ ማተሚያው ቀለም ማለቅ አወራኋቸው። ስለ ቀለም።

ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ «እሳቸው ናቸው የሠሩት» ስል የሳቃችሁብኝ፣ አልፈርድባችሁም። ያሳመንኳችሁ እኔው ነኝ።

እትዬ ብዙነሽ፣ ኳሷ የእርስዎ ናት። ብርሃኑም፣ ጥላውም፣ ዙሩም። ይህን ማለት የነበረብኝ በጆሮዎ እየሰሙኝ ነበር፤ አላልኩም። ቤቱን በሰዓቱ እከፍታለሁ። ሌላ የምለው አልመጣልኝም። በሰላም ይረፉ እናቴ።

እናንተ ግን አሁንም ካላመናችሁ አማን ሂዱና ሙህዲንን ጠይቁ። ያን ቀን በሩ ላይ የነበረውን ሁሉ ጠይቁ። እኔን ብቻ አትጠይቁ። እኔ ስጠየቅ ምን እንደማደርግ አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷል።